«ጋራንቲ አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና ገዝቶ ደብረ ታቦር የሚያስገባ ሰው «ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጋራንቲም አለው» ተብሎ ይፈርማል፤ ከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አገሩ ይገባል። ያ ጋራንቲ ጉና ተራራ ሥር፣ ደብረ ታቦር ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለመገመት አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ መኪና አምራቾች በማኅበራቸው በኩል የተስማሙበት አንድ ዓይነት ዋስትና ነበራቸው፦ 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው። 4,000 ማይል 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ አምስት ጊዜ ደርሶ ለመመለስ እንኳ አይበቃም። የተበላሸውን ዕቃ የማጓጓዣውን ከፍሎ ወደ ፋብሪካው የሚመልሰው ደግሞ ገዢው ራሱ ነበር። ብልሽቱ ሰው ቢጎዳስ? አምራቹ ዕቃውን ከመተካት ያለፈ ኃላፊነት እንደሌለበት በሽያጭ ውሉ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ዋስትና ይባል እንጂ ዋናው ሥራው አምራቹን ከገዢው መጠበቅ ነበር።

ሻጮቹም ቀላል አልነበሩም። አምራቾች ካዘዙት በላይ መኪና ስለሚጭኑባቸው፣ እነሱ በተራቸው ገዢውን ያጣድፉታል። «አሮጌ መኪናህን በጥሩ ዋጋ እንይዝልሃለን» ይሉና በአዲሱ ላይ በድብቅ ይጨምራሉ። አሮጌውን «እስኪ እንየው» ብለው ቁልፉን ወስደው የማይመልሱም ነበሩ፤ ቁልፉን የሰጠ ሰው ተነስቶ መሄድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1958 በሴናተር ሞንሮኒ አመንጪነት አምራቹ የተመነው ዋጋ በመስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። (የእኛ ደላላ «ሌላ ሰው ነገ ጠዋት ቀብድ ሊያስይዝ ነው» ሲል አሜሪካ ሄዶ አልተማረውም፤ ዘዴው ግን ያው ነው።)

ዋስትናውን ያናጋው በኒው ጀርሲ የተከሰተ አንድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ሰው ለሚስቱ የእናቶች ቀን ስጦታ ፕሊመዝ መኪና ገዛ። መኪናውን በተረከቡ በአሥረኛው ቀን፣ ቆጣሪው 468 ማይል ላይ ሳለ፣ ሴትዮዋ አንድ ነገር የተሰነጠቀ ያህል ድምፅ ሰማች፤ መሪው በእጇ ውስጥ ዞረ፤ መኪናው ከግንብ ተላተመ። አምራቹና ሻጩ ያንኑ ደቃቅ ጽሑፍ አቀረቡ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ግንቦት 1 ቀን 1952 (በእኛ አቆጣጠር) አልተቀበላቸውም፦ ሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ወረቀት ካስፈረመ ገዢው ምርጫ የለውም፤ ምርጫ በሌለበት የተፈረመ ግዴታም ተጎጂን ካሳ ከመጠየቅ አያስቀርም አለ። ከዚያ በኋላ ፎርድ ለእ.ኤ.አ. 1961 ሞዴሎቹ ዋስትናውን ወደ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ከፍ አደረገ። ክራይስለር በእ.ኤ.አ. 1963 ሞዴሎቹ ሞተሩንና ማርሹን እስከ 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ዋስትና ሰጠ፤ ዘይቱ በወቅቱ መቀየሩ እስከተረጋገጠ ድረስ።

ከፍርዱ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጆ ነበር። ሕጉ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በውል ሊያጠብቡት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ማጥበቡ አይረዳውም። ገዢውም ዕቃውን ወዲያው መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል።

ሕጉ ሲወጣ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ ገና አልተሠራም፤ በቻይና እርዳታ የተሠራው በደርግ ዘመን ነው። ዛሬ መኪናውም መንገዱም አለ። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት ያለበት ዕቃ ከተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል።

የደብረ ታቦር ገዢ ትልቁ ችግር እንግዲህ ርቀቱ ነው። ሻጩ ሰርቪስ በራሱ ጋራዥ ብቻ ካልተደረገ ጋራንቲው ይሰረዛል የሚል ከሆነ፣ ለያንዳንዱ ሰርቪስ ረጅም መንገድ መመላለስ ነው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስይዙ፦ ሰርቪሱ የት እንደሚደረግ፣ የተበላሸ መኪና ተጎትቶ ሲሄድ ማን እንደሚከፍል፣ ባትሪና ጎማን የመሰሉ ዕቃዎች በጋራንቲው ውስጥ መግባታቸውን። ደረሰኝዎንና የሰርቪስ ደብተርዎን ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ።