«ከፍታው ነው» እያልኩ ቤተሰቤን ልጨርስ ነበር

ሰሞኑን አንዲት እህታችን «ዶክተር፣ ከዲሲ መጥተን ኮሎራዶ ተራራ ላይ በተጎታች ቤት ልናድር ነው፤ ስለ ከፍታ ሕመም ይንገሩን» ብላ ጽፋልኛለች። እነግራታለሁ። ግን ከዚያ በፊት እኔ ራሴ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ።

እኛም ተጎታች ተከራይተን ከዴንቨር ወደ ሌድቪል አካባቢ ሄደን ነበር። ሌድቪል 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባን እንኳ በብዙ ትበልጣለች። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ የአገራችንን ኮረኮንች ያስንቃል። ጠጠሩ እንደ ትልም ተደርድሯል፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ያለው ተጎታች እጥፍ ይዘላል። ስንደርስ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ስኳሩና በርበሬው ወለሉ ላይ ተደባልቀዋል። ሳቅን። ያላየነው ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ባትሪው ወድቋል።

ማታ ውጭ ቡና ተፈላ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አማቴ «ይሄ ሁሉ ፍም በከንቱ ሊጠፋ ነው?» አሉና ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ሐኪሙ እኔ እያየሁ ዝም አልኩ። አመድ ለብሷል፣ ጭስ የለውም፣ መስኮቱም ትንሽ ገርበብ ብሏል ብዬ። ወንድሜና ልጁ ድንኳን ውስጥ ተኙ፤ እኛ አምስታችን ተጎታቹ ውስጥ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ አስታወከች። ባለቤቴ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔንም ያዞረኛል። «ከፍታው ነው፣ ውሃ ጠጡና ተኙ» አልኩ። ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ልጄን ለካኋት፤ 93። ለዚያ ከፍታ ጥሩ ቁጥር ነውና ጭራሽ ተረጋጋሁ።

ያተረፈን ወንድሜ ነው። ድምፃችንን ሰምቶ በሩን ከፈተና «ምን ሆናችሁ? እኛ እኮ ደህና ነን» አለ። ድንኳኑ ከእኛ አሥር ሜትር አይርቅም። ከፍታው አንድ ነው። ታዲያ ለምን እኛ ብቻ?

ወዲያው ሁላችንም ወጣን። ወንድሜ ተጎታቹን ከመኪናው ፈትቶ ሆስፒታል አደረሰን፤ እኔ መሪ መያዝ አልችልም ነበር። ደማችን ሲመረመር ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ተገኘ። ኦክስጅን ተደርጎልን ለሰዓታት ቆይተን በሰላም ወጣን።

ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቃል። ከሰል ጭሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ገርበብ ያለ መስኮትም አያድንም። ያ የጣት መለኪያ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ያሞኘኝ እሱ ነው።

ከከፍታ ሕመም በምን ይለያል? ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ ማስታወኩ አንድ ዓይነት ነው። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩት በአንድ ላይ ከታመሙ (ውሻችሁም ጭምር)፣ ወይም ወደ ውጭ ሲወጡ ቀለል ካላቸው፣ መጀመሪያ ጋዙን ጠርጥሩ። ሁሉንም አስወጡ፣ 911 ደውሉ። የተሻላችሁ ቢመስላችሁም ተመርመሩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ጭነት ስትጭኑ ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ይረፍ፤ ከኋላ ከከበደ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። በጉዞ ላይ የጋዝ ሲሊንደሩ ይዘጋ። ከኮረኮንች በኋላ ግን፣ ድካም ቢኖርም፣ ሳትተኙ አላርሙን ተጭናችሁ ሞክሩት። የጋዝ ቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ከወጣ ያፈሳል፣ ዝጉት። የማሞቂያው ጭስ መውጫም ከቦታው ነቅሎ እንደሆነ እዩ። የምግብ ማብሰያውን ምድጃ ክፍል ለማሞቅ አታብሩት። ከሰል ደግሞ በምንም ምክንያት አይገባም! አማቴ አሁን ፍሙ ላይ ራሳቸው ውሃ ያፈሱበታል፤ እኔን ግን «ያኔ አፍህ የት ሄዶ ነበር?» ማለታቸውን አልተዉም።

ለጠያቂያችን፦ ከዲሲ መጥታችሁ በቀጥታ ተራራ ላይ አትደሩ። ዴንቨር አንድ ሁለት ሌሊት አርፋችሁ ውጡ፤ የመጀመሪያው ቀን አልኮልም ከባድ ሥራም ይቅር። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ከፍ ወዳለ ቦታ አትቀጥሉ። ሰው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው እስኪነጋ አትጠብቁ። ተጎታቹን እዚያው ትታችሁ ውረዱ።