የሙዚየሙ በር ለማን ይከፈታል?

ሥነ ጥበብ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው ስንል፣ ሕዝብ ከምንለው ውስጥ ማንን እንዳስቀረን መጠየቅ ይኖርብናል። የከበርቴው ሥርዓት የሰውን ዋጋ የሚመዝነው በሚያስገኘው ትርፍ በመሆኑ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወገኖች አይጠቅሙም ተብለው ከግንብ ጀርባ ተጥለው ኖረዋል።

ለዚህም የጁዲት ስኮት ሕይወት ምስክር ነው። ጁዲት እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ከመንታ እኅቷ ጋር ተወለደች። ዳውን ሲንድሮም ነበረባት። በሰባት ዓመቷ ከቤተሰቧ ተነጥላ ወደ መንግሥት ማቆያ ተላከች፤ ጆሮዋ እንደማይሰማ እንኳ ለብዙ ዓመታት ያወቀላት አልነበረም። ሲጠሯት ዝም ማለቷ ካለመረዳት ተቆጥሮ መማር አትችልም ተባለ። ከሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ያቺው መንታዋ አወጣቻትና እ.ኤ.አ. በ1987 ኦክላንድ ከተማ ክሬቲቭ ግሮውዝ ወደተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ወሰደቻት። ሁለት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ሥራ አልሠራችም። ማዕከሉ ግን አላባረራትም። በመጨረሻ ክር እጇ ሲገባ፣ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ እየጠቀለለችና እያሰረች ድንቅ ቅርጾችን አወጣች። በ2005 አረፈች፤ በ2014 የብሩክሊን ሙዚየም ሥራዎቿን በሰፊው ለሕዝብ አሳየ።

ይሁን እንጂ ሥራው ወደ አዳራሹ ገባ ማለት የሠሪው ወገን ገባ ማለት አይደለም። ሙዚየሞች ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ሲሠሩ መልካም ያደርጋሉ፤ ዳሩ ግን እነዚህን ጎልማሶች የሚያግዳቸው ደረጃው ብቻ ሳይሆን ምሁር ለምሁር የጻፈው መግለጫ፣ ጫጫታውና በጥርጣሬ የሚከታተላቸው የጥበቃ ሠራተኛ ዓይን ጭምር ነው። ከሕፃናት ጋር ደርቦ ማስጎብኘትም (ቅን መስሎ የሚታይ ቢሆንም) ንቀት ነው። ሃያ ክፍል ከማዞር ይልቅ ሦስት ሥዕል መርጦ መቀመጫ ማቅረብ፣ መግለጫውን በአጭር ዐረፍተ ነገር ጽፎ ራሳቸው አንብበው እንዲያርሙት ማድረግ፣ ጸጥ ያለ ሰዓት መመደብ፣ አጃቢን በነፃ ማስገባት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ተግባር አይደለም።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 በባህላዊ ሕይወት መሳተፍን መብት እንጂ ምጽዋት አላደረገውም። በየሰፈራችንስ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ጎልማሳ የለምን? የሰፈር ማኅበራት ለሙዚየም ጉብኝት ስም ሲመዘግቡ የእርሱም ስም ይጻፍ፤ አብሮት የሚሄድም ሰው በዚያው ዕለት ይመደብ።