የአቶም 34ኛ ክፍል

ኦሳሙ ቴዙካ ያቋቋመው ሙሺ ፕሮዳክሽን «ቴትሱዋን አቶም» የተባለውን አኒሜሽን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1963 እስከ ዲሴምበር 1966 ድረስ በፉጂ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ በጠቅላላው 193 ክፍል። የ34ኛው ክፍል ሥራ ስቱዲዮ ዜሮ ለተባለ አዲስ ድርጅት ተሰጠ። ሠዓሊዎቹ ስመ ጥር የኮሚክ ደራሲዎች ነበሩ፤ ሁሉም በየራሱ እጅ ስለሣለ የዋናው ገጸ ባሕርይ የአቶም መልክ ከትዕይንት ትዕይንት ይለዋወጣል። የዚህ ክፍል የጃፓን ኔጋቲቭ ጠፍቷል። ዛሬ የሚታየው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ቅጂ ስለተረፈ ነው። ውድ ምስክር ነው፤ ነገር ግን የጃፓን ልጆች ያን ዕለት የሰሙት ድምፅ ስለሌለበት ዋናው ነው ለማለት አልደፍርም።

እንዲህ ያለ የቆየ አኒሜሽን የፊልም ጥቅል እጁ የገባ ሰብሳቢ ምርመራውን ከጠርዙ ይጀምራል። ኮዳክ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን እያፈራረቀ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ጠርዙ ላይ ያትም ነበር። ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ይደገሙ ነበር። በዚያ ላይ የኔጋቲቩ ምልክት ወደ ቅጂው አብሮ ሊታተም ይችላል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ የተገለበጠ ፊልም የ1963 ነው ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ምልክቱን ብቻ አይቶ ገንዘብ መክፈል አደገኛ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ከሸተተ ደግሞ ፊልሙ የተሠራበት አሴቴት የተባለው ፕላስቲክ መበስበስ ጀምሯል፤ ምርመራው ይቆይና ፊልሙ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድርም ይገልበጥ።

ከዚያ ይዘቱ ይመጣል። የአቶም ስፖንሰር ጣፋጭ አምራቹ ሜይጂ ሴይካ ነበር። የቆዩ ተከታታዮች ለዲቪዲ ሲዘጋጁ የስፖንሰር ስምና የቀጣዩ ሳምንት ቅንጭብ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴም ምስሉ ለሰፊ ስክሪን ሲባል ከላይና ከታች ይቆረጣል። እኔ ጭረት ቢበዛበትም እነዚህን የያዘውን ቅጂ እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ድምፁ ነው። በ1973 ለስድስት ወር ብቻ ከታየው የመጀመሪያው የ«ዶራኤሞን» አኒሜሽን ከተረፉት ፊልሞች ውስጥ ድምፅ የሌላቸው አሉ። የቤት ቪዲዮ መቅጃው ቤታማክስ ገበያ የወጣው በ1975 ነው፤ ከዚያ በፊት ልጆች የሚወዱትን ፕሮግራም ቴፕ ሪከርደር ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው ድምፁን ብቻ ይቀዱ ነበር። እንዲህ ያለ ካሴት ከፊልሙ ጋር ከንፈር በከንፈር እየተመሳከረ የጠፋውን ንግግር ሊመልስ ይችላል። ካሴቱን ያገኘ ሰው በመሃል የገባውን ማስታወቂያ ቆርጦ እንዳይጥል እለምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ስርጭት ከድጋሚው ለመለየት የሚረዳው እሱ ነው።