መርፌው ይቆይ

ከጮቄ ተራራ ግርጌ የተነሣ አባት የሰባት ዓመት ልጁን አዝሎ ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል። ልጁ አልወደቀም፣ ከማንም አልተጣላም። ከትናንት ወዲያ ማታ ደኅና ተኝቶ ሲነጋ አንድ ጉልበቱ አብጦ፣ ግሎ፣ እንደታጠፈ ቀረ። ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ፤ ወጌሻው በቅቤ አሸው፤ ባሰበት። አሁን ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ነርሷ ቸኩላለች። እጇ የሚሄደው ወደለመደችው ነው፦ አንድ ዳይክሎፌናክ፣ መቀመጫው ላይ።

ዳይክሎፌናክ መጥፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። ወገቡን ለታመመው፣ እጁ ለተሰበረው ይወጋል፤ ባለጉዳዩም ቢሆን መርፌ ሳይወጋ ከተመለሰ የታከመ አይመስለውም። ለዚህ ልጅ ግን በአንድ ሲሪንጅ ሁለት ጉዳት ነው። መድኃኒቱ ደም የሚያቆሙትን ፕሌትሌቶች እንዳይጣበቁ ያዳክማል፤ መርፌው ደግሞ ጡንቻውን ወግቶ ውስጥ ለውስጥ ያደማዋል። ጉልበቱን ታሞ የመጣ ልጅ ጉልበቱንም መቀመጫውንም ታሞ ይመለሳል።

ልጁ ያለበት ሄሞፊሊያ ነው። ደም እንዲረጋ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ይጎድለዋል፤ የጎደለው ስምንተኛው ፋክተር ከሆነ ሄሞፊሊያ ኤ፣ ዘጠነኛው ከሆነ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው በትንሽ ጭረት ደሙ ተንጠፍጥፎ የሚያልቅ አይደለም። ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይደማም፤ ለረጅም ጊዜ ነው የሚደማው። ክፉው ደም ደግሞ የሚታየው ሳይሆን ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ውስጥ የሚጠራቀመው ነው። አንድ መገጣጠሚያ ደጋግሞ ከደማ ልስላሴው ተበልቶ አልዘረጋም፣ አልታጠፍም ይላል። ጉድለቱ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ በአብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ናቸው፤ እናቶች ሳያውቁት ያስተላልፋሉ።

ኤ የተባለው ዓይነት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ፣ ቢ ደግሞ ከ30,000 በአንዱ ገደማ ላይ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ልጁ የመጣበት የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ወንዱ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ያልፍ ነበር። በዚያ ሒሳብ ከደጀን እስከ ሞጣ፣ ከሉማሜ እስከ ቢቸና ተበትነው ከ200 በላይ ሰዎች ሊኖሩ ይገባል ማለት ነው። ሕፃን ሳሉ የሚሞቱትን ቀንሰንም ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ከአንዲት ነርስ አንጻር ሲታይ ግን ኢምንት ነው። የሳንባ ምች በየቀኑ ታያለች፤ ሄሞፊሊያ በሥራ ዘመኗ አንዴ ወይ ሁለቴ ቢያጋጥማት ነው። ኮሌጅ ሳለች አንድ ሰዓት የተማረችውን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ያውም ልጁ እየጮኸ፣ ከየት አምጥታ ታስታውሰው?

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ፣ ባለሙያው በአጭሩ ሲፒዲ የሚለው፣ ለዚህ የተበጀ ነው። በአገራችን የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዕውቅና ባለው አሠልጣኝ መሠልጠኑን የሚያሳይ ነጥብ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። አሳቡ ጥሩ ነው። ነጥብ ለመልቀም ብቻ የሚቀመጡበት ሥልጠና መኖሩን ግን ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስላይዱ ይሮጣል፣ ሻይ ይወጣል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። በሄሞፊሊያ ነገር ደግሞ አሠልጣኙን የሚፈትን ሌላ ወጥመድ አለ፤ ያ ከላይ እስከ ታች ቀስት የበዛበት የደም መርጋት ሥዕል። ለሐኪሙ ያስፈልገዋል። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ግን አንድ ሰዓት በዚያ ማድከም ግፍ ነው ባይ ነኝ። የእሷ ትምህርት የሚጀምረው እጅን ከመሰብሰብ ነው። አትውጊ፣ አትሺ፣ ያበጠውን ቀድደሽ አታፍስሺ፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አትስጪ፤ ፓራሲታሞል ስጪ፣ እግሩን ደግፈሽ አሳርፊው፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪበት፣ ላኪው። ይህን ሁሉ ከግማሽ ገጽ ባነሰ ወረቀት ጽፎ መርፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል።

ይህን ለማድረግ ግን መጠርጠር ያስፈልጋል፤ መጠርጠር ደግሞ አጠያየቅ ነው። «በቤተሰባችሁ የደም በሽታ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱ «የለም» ነው። ዘር ተቆጥሮ ጋብቻ በሚጠየቅበት አገር ማን ነው ተነሥቶ በዘሬ በሽታ አለ የሚል? የሠለጠነች ነርስ በሌላ በር ትገባለች። «እናቴ፣ ልጁ ሲገረዝ ደሙ እንዴት ነበር? በዚያው ቀን ቆመ ወይስ አደረ?» ትላለች። «እንጥሉን ተቆርጧል? የወተት ጥርሱ ሲወልቅስ?» ከዚያ ቀስ ብላ «የአንቺ ወንድሞች ስንት ናቸው? በልጅነቱ ያለፈ አለ? እግሩ ሳይዘረጋ የቀረ አጎትስ አለው?» እያለች በእናት በኩል ወዳለው ትሄዳለች። በአባት በኩል ያለው ዘር እዚህ ላይ ብዙም አይነግራትም። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ስለሚገረዝ የመጀመሪያው ምርመራ ማንም ምርመራ ነው ሳይለው ቤት ውስጥ ተደርጎ አልቋል። የአይሁድ ሊቃውንት ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት ይህን አስተውለው፣ ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው ደም ፈሷቸው የሞቱበት ሦስተኛ ልጅ አይገረዝ ብለው ደንግገዋል። እንግዲህ ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሕመምተኞቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ግን በቤተሰባቸው ማንም ሳይኖር የሚታመሙ ናቸው፤ ስለዚህ «የለም» የሚለው መልስ ልጁን ነጻ አያወጣውም።

ሴቶቹም አይረሱ። ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ፎን ቪሌብራንድ እ.ኤ.አ. በ1926 የጻፈበትና በስሙ የተጠራው ሌላው የመድማት ሕመም ወንድ ሴት አይለይም። የወር አበባዋ ከሳምንት አልፎ የሚፈስ፣ ነስር የሚመላለስባት ልጅ የአይረን ክኒን ብቻ ተሰጥቷት ትመለሳለች።

ከጤና ጣቢያ የተላከው ልጅ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲደርስ ሥራው ወደ ላብራቶሪ ያልፋል። እዚህ ሥልጠናው የእጅ ጥበብ ይሆናል። ናሙናው የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፤ ውስጡ ደሙን የሚያቀጥን ሲትሬት አለ፣ ልኩም ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። የልጅ ሥር አስቸግሮ ቱቦው ከመስመሩ በታች ከቀረ ሲትሬቱ ይበዛና ጤነኛው ልጅ ሁሉ የማይረጋ ደም ያለው ይመስላል። በሄሞፊሊያ ኤፒቲቲ የተባለው ምርመራ ይረዝማል፣ ፒቲ የተባለው ደኅና ይሆናል፣ የፕሌትሌት ቁጥርም አይጎድልም። ይህ ጥርጣሬውን ያጠነክራል እንጂ የትኛው ፋክተር እንደጎደለ አይናገርም። ፋክተሩን ለይቶ ለመለካት ናሙናው አዲስ አበባ ቢላክ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል፤ ከደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለበት። ስምንተኛው ፋክተር ደግሞ ሙቀትና ጊዜ አይወድም፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ካልተለካ መርማሪው የሚያገኘው ቁጥር የልጁ ሳይሆን የመንገዱ ነው። ስለዚህ ፕላዝማው እዚያው ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ ሳይቀልጥ መሄድ አለበት። መንገድ የሚዘጋበትን፣ መብራት የሚጠፋበትን ቀን አንባቢ ራሱ ይጨምርበት።

ሕክምናው የጎደለውን ፋክተር መስጠት ነው፤ እዚህም ሒሳብ አለ። አንድ ዩኒት ስምንተኛ ፋክተር ለአንድ ኪሎ ክብደት ሲሰጥ በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን በሁለት ከመቶ ያሳድጋል፤ ዘጠነኛው ግን በአንድ ከመቶ ብቻ። ሀያ ኪሎ የሚመዝነውን ልጃችንን ወደ 40 ከመቶ ለማድረስ ኤ ከሆነ 400 ዩኒት፣ ቢ ከሆነ 800 ዩኒት ይፈልጋል። የተከፈተ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ባለ 500ው ከሆነ ያለው ሁሉም ይሰጠዋል። ፋክተር ከሌለስ? ከደም ባንክ በረዶ የሆነ ፕላዝማ አለ። እሱ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከታች የሚዘቅጠውን፣ ክራዮ የሚሉትን፣ አሜሪካዊቷ ጁዲት ፑል እ.ኤ.አ. በ1964 ለሕክምና አብቅታዋለች። ግን ክራዮ ውስጥ ስምንተኛው እንጂ ዘጠነኛው ፋክተር የለም። የቢ ሕመምተኛ ክራዮ ቢሰቀልለት የተሰቀለለት ውኃ ነው ማለት ይቀላል፤ ለእሱ ፕላዝማው ይሻለው ነበር።

ሐኪሞቹን ደጋግመው የሚፈትኑ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ራስ ነው፦ ልጁ ራሱን ከተመታ ፋክተሩ ይቀድማል፣ ሲቲ ስካኑ ይከተላል፤ ብዙ ሰው ግን ፎቶውን ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፋል። ሁለተኛው ከዳሌ ውስጥ ወደ ታፋ የሚወርደው ጡንቻ ነው። እዚያ የደማ ልጅ ቀኝ ሆዱን ይዞ፣ እግሩን አጥፎ ይመጣል፤ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ኦፕሬሽን ክፍል ቢገባ የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

በአገር ደረጃ የዚህ ዕውቀት ዋና ማደሪያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። የሕመምተኞቹንና የቤተሰቦቻቸውን ድምፅ የሚያሰማ የኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ማኅበርም አለ። ከውጭ የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ያግዛል። ፌዴሬሽኑን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው ሞንትሪያል ይኖር የነበረው ነጋዴ ፍራንክ ሽናቤል ነው፤ ራሱም የዚሁ ሕመም ተጠቂ ነበር። የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 9 የሚውለው የልደቱ ቀን ስለሆነ ነው። ፌዴሬሽኑ በልገሳ የተገኘ መድኃኒት ለድሆች አገሮች ይልካል፣ ባለሙያም ያሠለጥናል፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም። በሽታው መኖሩ ያልታወቀለት ልጅ ፍሪጅ ሙሉ ፋክተር ቢኖር ምኑም አይደለም።

ዕውቀቱ ደግሞ ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ፈቃድ የሰጠችው ኤሚሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ለሄሞፊሊያ ኤ ከቆዳ ሥር በሳምንት፣ በሁለት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ይሰጣል፤ ሥር ፍለጋ ቀረ ማለት ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ግን ኤፒቲቲው ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ከአሥር ዓመት በፊት በተማረው ብቻ የሚሠራ ሐኪም «ይህ ልጅማ ምንም የለበትም» ብሎ ቢያሰናብተው ማን ይፈርድበታል?

ሌላው ችግር ዝውውር ነው። የሠለጠነችው ነርስ በዓመቷ ወደ ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ዕውቀቱም አብሯት። ስለዚህ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ይልቅ ወረቀትና ቦታ ማሠልጠን ይበጃል፦ የመርፌ ክፍሉ ግድግዳ፣ የሆስፒታሉ የጠዋት ስብሰባ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ማስታወሻ። እኔ ብጠየቅ ወጌሻውንም እጠራው ነበር። ያበጠውን ጉልበት ከሁሉ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነውና «ሳይወድቅ ካበጠ አትሸው» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዞ ቢመለስ ይበቃዋል። ልጁ ደግሞ ካርድ ይኑረው፤ የበሽታው ዓይነት፣ የደም ዓይነቱና «በጡንቻ መርፌ አይወጋ» የሚል የተጻፈበት። ክታብ በአንገት ማሰር የለመደች እናት እሱን በምን እንደምትሰፋው ታውቅበታለች።

ክትባትስ? ይከተባል። የሚቻለው ከቆዳ ሥር ይሰጣል። በጡንቻ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ፋክተር ካለ ፋክተሩ ይቀድማል፣ ቦታው አስቀድሞ በበረዶ ይያዛል፣ ያለው ቀጭኑ መርፌ ይመረጣል። ከዚያ ነርሷ ጥጡን ጭና ትይዛለች፤ ሳታሽ፣ ሳትለቅ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ። ውጭ ወረፋ የያዙት «ምነው እህቴ፣ ተኛሽ እንዴ?» ይላሉ። እሷ ሰዓቷን አይታ ገና አራተኛው ደቂቃ ላይ ናት።