ሕፃናትን በቤት ማስተማር ስለ መጀመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሕፃናት ትምህርት ነው። ይልቁንም ልጁን በቤቱ ለማስተማር ፈቅዶ ከምን እንደሚጀምር ለቸገረው አባት፣ «እኔ ራሴ ሳልማር ምን አስተምራለሁ» ብላ ለምታዝን እናት እንናገራለን።

ይህ ነገር በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገራችን ያሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ያ አልፎ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሁለቱ ከተሞቻችን ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ድረስ ልጆቻችን ከትምህርት ርቀው ቆዩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘጉ ሁላችንም እናውቃለን። የትምህርት ቤት በር ሁሉ ሲዘጋ ሳይዘጋ የሚቀረው የወላጅ ቤት መሆኑን መከራው አስተማረን።

በዚያ በ2012 ዓ.ም. አንዲት እናት ወደ እኛ መጥታ፣ «አባቴ፤ ልጄ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ፊደል አልቈጠርሁም፤ ምን ላድርግ?» ስትል ጠየቀችን። እኛም «እስኪከፈት ታገሺ፣ ልጄ» ብለን ሸኘናት። እርስዋ ግን ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነበረች። የፊደል ገበታ ገዝታ፣ አንድ የጎረቤት ተማሪ በየማታው አንዱን መስመር እንዲነግራት ለመነች። በማግሥቱም ቡናዋን አፍልታ ስትቀመጥ ልጅዋን አጠገብዋ አድርጋ፣ በስንደዶ እያመለከተች ያንኑ መስመር ከእርሱ ጋር ታጠና ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ይዛው መጣች። ልጁ ሲያነብ ሰማነው፤ እናቲቱም አብራው አነበበች። ታገሺ ማለታችንን አስበን አፈርን።

እንግዲህ ልጁን ለማስተማር ከወላጅ የሚፈለገው ብዙ ማወቅ አይደለም፤ ከልጁ ጋር ለመማር መፍቀድና የጀመሩትን በየቀኑ አለማቋረጥ ነው።

ይህም አዲስ ሥርዓት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ወላጆች የእግዚአብሔርን ሕግ ለልጆቻቸው በቤትም በመንገድም፣ በማታም በጧትም እንዲነግሩ ታዝዘዋል። ጢሞቴዎስ አባቱ ግሪካዊ ነበረ፤ እምነትን የተቀበለው ግን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖትም፣ ገድላቸው እንደሚነግረን፣ በመጀመሪያ የተማሩት በቤታቸው ከአባታቸው ከካህኑ ከጸጋ ዘአብ ነው፤ በኋላ ወደዚህ ወደ ወሎ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተቀመጡ። ታላቁ ገዳም ቤት የጀመረውን ተቀብሎ አሳደገው እንጂ ከባዶ አልተነሣም።

ከምን እንጀምር? አስቀድሞ ከጸሎት ነው። ልጁ ጧት ሲነሣ እንዲያማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያትንም ከወላጁ አፍ እየተቀበለ ጥቂት በጥቂት እንዲይዝ ይደረግ። ይህን ለማስተማር መጽሐፍ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ሲሆን እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ ስላለው ገበታው 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለማስያዝ መቸኰል ልጁን ማስመረር ነው። በቀን አንድ መስመር ቢጠና፣ የሚያርፍበትና የሚከልስበት ቀን ተጨምሮ፣ በሁለት ወር ያህል ይፈጸማል። ነገር ግን ልጅ ዜማውን በቃሉ ይዞ ፊደሉን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። የቀድሞ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ከፊደል በኋላ አቡጊዳን አስከተሉ፤ በዚያ ተራው ስለሚለወጥ ልጁ በዓይኑ ካልለየ በቃሉ ብቻ አይዘልቀውም። ወላጅም ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያለዋወጠ ይጠይቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን ወንጌሉንና ዳዊቱን ለመምህሩ ይተውለት።

ቁጥርም እንዲሁ በቤት ውስጥ ይገኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመግቢያው 55 ሽምብራ ቈጥራችሁ በአንድ ዕቃ አስቀምጡ፤ ልጁ በየቀኑ አንዱን ወደ ሌላው ዕቃ እያዛወረ ያለፈውንና የቀረውን ይንገራችሁ። መደመርንና መቀነስን ከጾሙ ሥርዓት ጋር ይማራል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ፤ በትርም አይጨመርበት። እኛ በልጅነታችን የተማርነው አርጩሜ እያየን ነው። ፊደሉን ያዝን፤ ፍርሃቱም አብሮ ያዘን፤ መጽሐፍን መውደድ የጀመርነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ለኤፌሶን ሰዎች ጽፏል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የወላጅ ኑሮ ነው። አባት ባለዕዳ ሆኖ አበዳሪው ደጁን ሲመታ «የለም በለው» ብሎ ልጁን ቢልክ፣ ማታ ስለ ዐሠርቱ ትእዛዛት የሚናገረውን ማን ይሰማዋል? ልጁ የሚይዘው የቀኑን ትምህርት ነው። ደግሞም በእኛ በወሎ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ግቢ አብረው ይጫወታሉ። ልጃችንን ሃይማኖቱን የምናስተምረው የራሱን አውቆ እንዲጸና ነው እንጂ የጎረቤቱን ልጅ እንዲንቅ አይደለም። ጎረቤትን ስናማ የሚሰማ ልጅ ግን መናቅን ከእኛ ይማራል።

ይህን ስንል ልጆችን ከትምህርት ቤት አስቀሩ ማለታችን አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ላኩዋቸው፤ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤትና ወደ አብነት መምህሩም ምሩዋቸው። የክርስትና አባትና እናት የሆናችሁም፣ ልጁን ከቅዱስ ጥምቀት ስትቀበሉ አደራ መቀበላችሁን አትርሱ፤ ወላጁ ለጎደለው እናንተ ሙሉበት። እኛም ካህናት የንስሐ ልጆቻችንን ስንጎበኝ ሕፃናቱ ከምን እንደ ደረሱ መጠየቅ ይገባናል።

እንግዲህ ነገ ትምህርት ቤቱ ይከፈት እንደ ሆነ ወይም ይዘጋ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ ማታ ግን ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አንዱን መስመር ጀምሩ።

ሕፃናትን ወደ እርሱ የጠራ መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።