ሃማድርያስ፦ የኤረርና የጣኢፍ ዝንጀሮ

ከመካ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣውን የአል ሀዳ ዳገት የሚያውቁ ሹፌሮች መስኮት ይዘጋሉ፤ ሙዝ የሚወረውርም አይጠፋም። መንገድ ዳር የሚጠብቁት ዝንጀሮዎች ሃማድርያስ ይባላሉ። ወንዱ ከትከሻው እስከ ወገቡ ብርማ ጎፈር አለው፤ ሴቷ ቡናማ ናት፣ ክብደቷም የወንዱን ግማሽ ያህል ነው። ጅዳ የሚኖር የድሬዳዋ ልጅ አይቶ አይደነቅም፤ የአገሩ ዝንጀሮ ነው። በሰው መርከብ የመጣም አይደለም። የዘረ መል ጥናት እንደሚያሳየው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዓረቢያ የደረሰው ከብዙ አሥር ሺህ ዓመታት በፊት ነው።

ይህን እንስሳ በሁለቱም ዳርቻ ያጠኑት ስዊዛዊው ሃንስ ኩመር (1930–2013) ናቸው። በዙሪክ የእንስሳት ማቆያ የጀመሩትን ሥራ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1960 ድሬዳዋ አቅራቢያ ኤረር መጡ። ያዩት ይህ ነው፦ ማታ ገደል ላይ መቶና ከዚያ በላይ ሆነው ያድራሉ፤ ቀን ግን እያንዳንዱ ወንድ ሴቶቹንና ልጆቹን ይዞ ለብቻው ይሄዳል። የግራር አበባና ፍሬ ለብዙ አፍ አይበቃም፤ ማደሪያ ገደል ደግሞ ጥቂት ነው።

ኩመር በዚህ አላበቁም። አኑቢስ የተባለውን ሌላ ዝንጀሮ ሴቶች ይዘው ሃማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ። ሴቷ ራቅ ስትል ወንዱ አንገቷን ይነክሳታል፤ በአማካይ በአንድ ሰዓት ውስጥ መከተልን ለመደች። አኑቢስ መንጋ ውስጥ የተለቀቁት የሃማድርያስ ሴቶች ደግሞ መከተሉን ተዉት። የሃማድርያስ ወንድ ጠባቂነት ግን ከተፈጥሮው የመጣ ነው ብለው ኩመር አሰቡ።

በ1985 ከሳዑዲ ተመራማሪዎች ጋር የኢትዮጵያውንና የዓረቢያውን ዝንጀሮ ጠባይ የሚያነጻጽር ጽሑፍ አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት ጣኢፍ ውስጥ የዱር እንስሳት ምርምር ማዕከል ተቋቋመ፤ የማዕከሉ አሕመድ ቡግና ባልደረቦቻቸውም በ1990ዎቹ ከሰው ተጠግተው የሚኖሩትን መንጋዎች አጠኑ። የሚያድናቸው ነብር ሊጠፋ ተቃርቧል፤ ምግቡን ደግሞ ከተማው ያቀርባል።

የኤረሩን ሒሳብ እዚህ ላይ ማስላት ነው። ቆሻሻ መጣያ እንደ ግራር አይደለም፤ ወቅት አይጠብቅም፣ ምግቡም አንድ ቦታ ተከምሯል። ታዲያ መንጋው ለምን ይበታተናል? ነዋሪው «ደፋሮች ሆኑ» ይላል። እኔ ግን ድፍረት አልለውም፤ ገደል ለገደል ከመዞር መጣያው አጠገብ መዋል የሚያዋጣ ሆኖ አግኝተውታል። አዲስ መንጋ ውስጥ ስትገባ የለመደችውን የምትተው እንስሳ መጣያው ቢከደን ወደ ግራሩ አትመለስም ማለት ይከብዳል።