ትራሽ ሜታል ለጋሞ ጆሮ

የትራሽ ሜታል ስም በአገራችን ሲነሳ ብዙ ሰው «ጩኸት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ሙዚቃ ለወደደ ሰው ግን ፍርዱ የችኮላ ነው። የትራሽ ጉልበት የሚመነጨው ድምፁ ትልቅ ከመሆኑ አይደለም፤ አራትና አምስት ሰው በከፍተኛ ፍጥነት የየራሱን ድርሻ እየተጫወተ ከአንድ ምት ሳይወጣ ከመዝለቁ ነው። ብዙ ድምፅን በአንድ ሥርዓት የማኖር ጥበብ ደግሞ ለጋሞ ደጋ ሕዝብ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ትራሽን በወጉ ለማድመጥ በጋሞዋ ኦቾሎ የተወለደ ወጣት ከሌላው ዓለም ወጣት ያነሰ መነሻ የለውም።

ዘርፉ የተወለደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ወጣቶች የብሪታኒያን ሄቪ ሜታል ከፓንክ ፍጥነት ጋር አዋሃዱት። ሜታሊካ «ኪል ኤም ኦል»ን በ1983፣ ኤክሶደስ «ቦንድድ ባይ ብለድ»ን በ1985 አወጡ። 1986 ደግሞ የዘርፉ ወርቃማ ዓመት ሆነ፤ የሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»፣ የስሌየር «ሬይን ኢን ብለድ»፣ የሜጋዴዝ «ፒስ ሴልስ» እና የጀርመኖቹ የክሪዬተር «ፕሌዠር ቱ ኪል» በአንድ ዓመት ወጡ። በ1987 የአንትራክስ «አመንግ ዘ ሊቪንግ» ተከተላቸው። «ሬይን ኢን ብለድ» አሥሩን ዘፈን በ29 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ ትርፍ ነገር የለበትም። ጊታሪስቱ ክሮቹን በመዳፉ ጠርዝ አፍኖ በአጫጭሩ ይቆርጣቸዋል፣ ከበሮ መቺው ትልቁን ከበሮ በሁለት እግሩ ይመታል። አንዱ ቅንጣት ያህል ቢዘገይ ዘፈኑ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ረጅም ልምምድ አይገኝም።

ይህ ሥርዓት ጎልቶ የሚታየው በመድረክ ላይ ነው። ዘርፉ ያደገው በአሜሪካዋ በርክሊ ከተማ እንደነበረው እንደ ሩቲስ ኢን ባሉ ጠባብ የሙዚቃ ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ በመስከረም 1991 ሜታሊካ ሞስኮ ቱሺኖ አየር ማረፊያ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊት ተጫወተ። በሰኔ 2010 ደግሞ ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ሜጋዴዝና አንትራክስ ሶፊያ ላይ በአንድ መድረክ ቀርበው ትርኢታቸው በሲኒማ ቤቶች ታይቷል። ከመድረኩ ፊት የሚጋፋው ሕዝብ ለሩቅ ተመልካች ጠብ ይመስላል፤ ነገር ግን የወደቀን ወዲያው ማንሳት ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ትራሽ ያበበበት ዘመን የደርግ ዘመን ነበር። የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አዳክሞት ስለነበር፣ ይህ ማዕበል ደጃችንን ሳይነካ አለፈ። የኋለኛው ትውልድ ግን ለከባድ ጊታር በሩን ከፍቷል። ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት በ2012 «ኤርታሌ»ን አውጥቶ የሮክ ጊታርን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አገናኝቷል። ከጎንደር የተነሳው ኒሻያር ደግሞ በ2021 «ናሃክሳር»ን፣ በ2024 «እናት መሬት»ን ይዞ ለዓለም የሜታል አድማጮች ቀርቧል። አንዱ ሮክ፣ ሌላው ወደ ብላክ ሜታል የሚያደላ ነው እንጂ ሁለቱም ትራሽ አይደሉም፤ ነገር ግን ከባድ ሙዚቃ በእኛ ዜማ ሊሠራ እንደሚችል አስመስክረዋል። በጋሞ በኩል ያለው ማስረጃ ከዚህም የጠለቀ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ የዶርዜን የብዙ ድምፅ ዜማ ቀርጾ በሸክላ አሳትሟል። እዚያ ዘፋኙ ሁሉ አንድ ዜማ አይከተልም፤ የተለያዩ ድምፆች የየራሳቸውን መስመር ይዘው ይተላለፋሉ፣ ጠቅላላው ግን አንድ ሆኖ ይቆማል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ያለችው ኦቾሎም በተመራማሪው በማርክ አቤሌስ ጥናት የታወቀችው ብዙ ሰው በሥርዓት በሚናገርባቸው ጉባኤዎቿ ነው። ይህ ማለት ዶርዜና ትራሽ ይዛመዳሉ ማለት አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ባህል ያደገ ጆሮ በአንድ ጊዜ ብዙ መስመር መከታተል ይችላል ማለት ነው።

«ይህ የባዕድ ነገር ነው፣ ባህላችንን ይበርዛል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሳክስፎንም የባዕድ ነበር፤ ጌታቸው መኩሪያ ግን ሽለላን ተጫወተበት። የብራዚሉ ሴፑልቱራ በትራሽ ጀምሮ በ1996 «ሩትስ»ን ሲሠራ ከሻቫንቴ ሕዝብ ጋር ቀረጸ፤ ሙዚቃው የአገሩን ድምፅ አልዋጠም፣ ለዓለም አሰማው እንጂ። «ግጥሙ ሞትና ክፋት ነው» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ለማስደንገጥ ተብለው የተጻፉ ግጥሞች በርግጥ አሉና። ሆኖም «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» የተሰኘው ዘፈን ሰውን ባሪያ የሚያደርግ ሱስን፣ በ1988 የወጣው የሜታሊካ «ዋን» ጦርነት አካሉን የነጠቀውን ወታደር ይናገራሉ። እነዚህ ለእኛ የሩቅ ጉዳዮች አይደሉም። እንደ ማንኛውም ዘርፍ ሁሉ አድማጩ መርጦ ይስማ።

ስለዚህ ለአርባ ምንጭና ለጋሞ ወጣት ሙዚቀኞች አንድ አደራ አለ። «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡ፤ ከዚያ የአያቶቻችሁን የመስቀል ዘፈን ድምፅ በድምፅ ለይታችሁ ተማሩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መኮረጅ አይበቃም። የጋሞን የብዙ ድምፅ ዜማ በከባድ ጊታር የሚያሰማ ባንድ ቢነሳ ለዓለም ሜታል የሚጨምረው ነገር ይኖረዋል፤ ጀማሪውም ከእናንተ መካከል ይሁን።